ለአግዳሚ የተለቀቀለት ክርክር

አግዳሚ የሚባለው ኤሌክትሪሺያን ይህን ስም ያገኘው በቁመቱ ብቻ አይደለም። ቁመቱስ ቁመት ነው፤ ሌላው ሰው መሰላል የሚፈልግለትን አምፖል እሱ ወንበር ላይ ወጥቶ ይቀይረዋል። ስሙን ያወጡለት ግን ስታዲየም ውስጥ አጠገቡ የሚቀመጡ ደጋፊዎች ናቸው። የቱንም ያህል ጥሩ ሐሳብ ቢሰነዘርበት የጎሉን አግዳሚ ብረት እንደመታ ኳስ ይመለሳል እንጂ አልፎ አይገባም።

ግራና ቀኙ ሁልጊዜ የሚቀመጡት ሁለት ሰዎች ነበሩ። በግራው በኩል የሚስቱ ታናሽ ወንድም አለ። መካኒክ ነው፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ግራሶ በምንም ሳሙና አይለቅም፤ ድምፁም የተነሳ ሞተር አጠገብ ቆሞ ማውራት የለመደ ሰው ድምፅ ነው። በቀኙ በኩል ዳቦ ጋጋሪው ይቀመጣል። ከአግዳሚ ጋር አንድ ሰፈር ያደገ፣ ደልደል ያለ፣ ጠብ የማይወድ ሰው ነው። ሁለቱ ሲፋጠጡ "ሁለታችሁም ልክ ናችሁ" ስለሚል በሁለቱም ዘንድ የማይታመን ሆኖ ቀርቷል።

በዚያ ዓመት የሚያፋጥጣቸው የበረኛ ነገር ነበር። ቡድናቸው ሁለት በረኞች አሉት። አንዱ አምበሉ ነው። ዕድሜው ገፍቷል፤ እጁ ግን አሁንም ፈጣን ነው፤ መስመሩ ላይ ቆሞ ኳስ ሲመልስ ተመልካቹ ራሱን ይይዛል። ከመስመሩ ግን አይወጣም። ሌላው ከታችኛው ሊግ የመጣ፣ ደጋፊው ሎንጋው ብሎ የሚጠራው ወጣት ነው። ሎንጋው ኮርና ሲሻማ ሰው ገፍቶ ይወጣና ኳሱን ከአጥቂዎቹ አናት ላይ ይለቅመዋል። ይህ ሲሳካለት ነው። ሳይሳካለት ሲቀር እሱ አንድ ቦታ፣ ኳሱ ሌላ ቦታ፣ ጎሉ ደግሞ ባዶውን ይገኛል።

መካኒኩ የአምበሉ ሰው ነበር፤ አግዳሚ የሎንጋው። አግዳሚ በወጣትነቱ ለሚሠራበት ድርጅት ቡድን በረኛ ሆኖ ተጫውቷል፤ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ የመጨረሻው ቃል የኔ ነው ባይ ነው። ከመስመሩ የማይወጣ በረኛ ሦስተኛ ቋሚ ነው እንጂ በረኛ አይባልም ይላል። መካኒኩ ደግሞ ወጥቶ የሚስት በረኛ ሳይቆለፍ የተተወ በር ነው ብሎ ይመልስለታል። ከዚያ ወደ ኮርና አያያዝ ይሻገራሉ፤ ቡድኑ ያን ዓመት የሚቆጠርበት ጎል አብዛኛው ከቆመ ኳስ ነበርና። አግዳሚ እንደሚለው መፍትሔው ቀላል ነው፤ አንድ ሰው የቅርቡ ቋሚ ላይ ይቁም፣ ሌሎቹ ቦታ ቦታቸውን ይያዙ፣ ከጎሉ ፊት ያለው ትንሹ ሳጥን፣ እነሱ አምስት ከሃምሳ የሚሉት፣ ውስጥ የገባ ኳስ ሁሉ የበረኛው ነው። መካኒኩ ይህን ሲሰማ ይስቃል። ቦታ ጎል አያገባም፣ ጎል የሚያገባው ሰው ነው፣ ስለዚህ ሰው በሰው ይያዝ ይላል።

ክርክሩ ስታዲየም ተጀምሮ አውቶቡስ ውስጥ ይቀጥልና የሚያልቀው፣ ካለቀ፣ አግዳሚ ቤት ነው። የአግዳሚ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ሳሎን ውስጥ መስኮቱ ሥር ነው ያለው። ስለ ኳስ ደንታ የላትም፤ ስታዲየም ረግጣም አታውቅም። ሆኖም ዚፕ እየቀየረች፣ ሱሪ እያሳጠረች ያን ሁሉ ዓመት ስትሰማቸው ኖራ፣ ሳትፈልግ ያወቀችው ብዙ ነገር አለ። ባሏ በር ላይ ጫማውን በሚያወልቅበት አኳኋን ብቻ ማን እንዳሸነፈ ትለያለች።

አንድ ሰኞ ጠዋት አግዳሚ አዲስ ሕንፃ ውስጥ ገመድ እየሳበ ሳለ ካቻቢቴው ከእጁ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ ሊያነሳው ሲል ጣቶቹ እምቢ አሉት። አብሮት ለሚሠራው ሰው ሊነግረው ፈለገ፤ አፉም እምቢ አለው። ሰውዬው መጀመሪያ የሚቀልድበት መስሎት ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱን አየና ሰው ሊጠራ ሮጠ። ሆስፒታል ሲደርሱ ስትሮክ ነው ተባለ፤ ደም ግፊቱም ከልክ በላይ ሆኖ ተገኘ።

ነፍሱ ተረፈች። እግሩን እየጎተተም ቢሆን መራመድ ጀመረ። ቀኝ እጁ ግን ሰው እንደሌለበት የኮት እጅጌ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ አንደበቱም ተያዘ። የሚባለውን ሁሉ ይሰማል፣ ሁሉም ይገባዋል፤ ለመመለስ ሲሞክር ግን የሚወጣለት ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ "እንግዲህ"። ከቃላት ሁሉ ያ ለምን እንደተረፈለት ማንም ሊነግራቸው አልቻለም። በእንግዲህ ውሃ ይጠይቃል፣ በእንግዲህ ሾርባውን አንሱልኝ ይላል፣ በእንግዲህ ነርሷን ያመሰግናል። ሚስቱ ቃሉን ትታ ዜማውን መስማት ለመደች። መጨረሻው ወደ ላይ የሚሰቀለው ጥያቄ ነው። አጠር ብሎ የሚቆረጠው እምቢታ ነው። ለስለስ ብሎ የሚጎተተው ደግሞ ደክሞኛል፣ ግን አንቺም ደክሞሻል ማለት ነው።

ደረጃ መውጣት ስለማይችል አልጋውን ሳሎን አወረዱለት። ከሆስፒታል የወጣ ቀን ሐኪሟ መድኃኒቱን በሰዓቱ እንዲውጥ፣ ጨው እንዲቀንስ፣ እጁን በየቀኑ እንዲያንቀሳቅስ ለሚስቱ አስረዳቻት። ልትሄድ ዞር ካለች በኋላ፣ "ደግሞ በተቻለ መጠን አታናድዱት" አለች። መካኒኩ በዚያ ሰዓት የአማቹን ልብስ በፌስታል ይዞ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ከተባለው ሁሉ ጆሮው ውስጥ የቀረው ይኸው የመጨረሻው ነው።

በመጀመሪያው እሁድ ሁለቱ ጓደኞቹ ስታዲየም መሄዱን ትተው ጨዋታውን ከእሱ ጋር በቴሌቪዥን ሊያዩ መጡ። ዳቦ ጋጋሪው ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልሏል። መካኒኩ እጁን ከወትሮው በላይ አሽቶ ታጥቧል። ወንበራቸውን ወደ አልጋው አስጠግተው፣ ማንም ሳያዛቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተቀመጡ። ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ጎሉ ላይ የቆመው ሎንጋው ነው፤ አምበሉ ጉልበቱን አሞት ለተወሰኑ ሳምንታት ያርፋል ተብሏል። አግዳሚ በግራ እጁ የመካኒኩን ጭን መታ መታ አደረገ። የድሮ ልማዳቸው ነው፤ በል ዛሬ ይለይልናል ማለት ነው።

መካኒኩ ፈገግ ብሎ፣ "ጋሼ፣ ሳስበው ሳስበው አንተ ነህ ልክ" አለው። "ሎንጋው ይሻላል።"

አግዳሚ እጁን ከጭኑ ላይ አነሳ። ሚስቱ ከስፌቷ ቀና ብላ አየቻቸውና፣ ደስ ያለው መስሏት ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ያሉት እሁዶችም እንዲሁ ሆኑ። ሎንጋው ቀላል ኳስ ከእጁ ሲያመልጠው መካኒኩ ፀሐይ ዓይኑን ወግታው ነው አለ፤ ሰማዩ ግን ደመና ነበር። በሌላ ጊዜ ቅጣት ምት ከበረኛው በኩል ባለው ቋሚ ሥር ሲገባ፣ ይህን ማንም አያድነውም ብሎ ማለ። አሰልጣኙ በኮርና ጊዜ የቅርቡ ቋሚ ላይ ሰው ሲያቆም፣ "አየህ ጋሼ፣ ያንተን ምክር ሰምቶ ነው" አለው። ዳቦ ጋጋሪውም በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ማለቱን ትቶ አግዳሚ ልክ ነው ማለት ጀመረ። የአግዳሚ ሐሳብ በአንዴ ተቃዋሚ አጣ። ዓመታት ሙሉ ሲታገሉት የኖሩት ሰዎች በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ግባ ይሉት ጀመር።

እሱ ግን ከእሁድ ወደ እሁድ እየከፋው ሄደ። መጀመሪያ ለእረፍት ሲገቡ ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞር አመጣ። ቀጥሎ በእጁ እንዲጨብጣት የተሰጠችውን የላስቲክ ኳስ አልጋ ሥር ይጥላት ጀመር፤ ሚስቱ ታነሳለታለች፣ መልሶ ይጥላታል። አንድ እሁድ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ትራሱ ሥር ደብቆ የተኛ መሰለ። እጁን የምታሠራው ባለሙያ ስትጠየቅ እንዲህ ያለ በሽተኛ ተስፋ የሚቆርጥበት ወቅት አለ፣ ታገሱት አለች። ሚስቱም በሽታው ነው ብላ ታገሰች።

ነገሩ የገባት ሌላ እሁድ ነው። በሁለተኛው አጋማሽ ተጋጣሚው ቡድን ኮርና አገኘ። ኳሱ ሲሻማ ሎንጋው እጁን ዘርግቶ ወጣ፤ ኳሱ ከጣቶቹ በላይ አልፎ ከኋላው የቆመ ተጫዋች ግንባር ላይ አረፈና ባዶው ጎል ውስጥ ገባ። ሳሎኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ ልብስ ሰፊዋም ሳትቀር፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይቷል። አግዳሚ አንገቱን ወደ መካኒኩ አዞረና ጠበቀ።

መካኒኩ ጉሮሮውን ጠረገ። "ተከላካዩ ነው ያጠፋው" አለ። "በረኛው ምን ያድርግ?"

"እንግዲህ" አለ አግዳሚ።

ሚስቱ መቀሱን አስቀመጠች። ይህን ዜማ ከታመመ ወዲህ አልሰማችውም፤ ከዚያ በፊት ግን ታውቀዋለች። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የሕንፃ ተቋራጭ እንዳንተ ያለ ባለሙያ የለም እያለ ሲያሞግሰው ከርሞ ሥራውን ለሌላ ሰው የሰጠበት ቀን፣ ባሏ ራት ላይ ተቀምጦ እንግዲህ ያለው ልክ በዚህ ድምፅ ነበር። የተናቀ ሰው ድምፅ ነው።

እንግዶቹ ሲወጡ ወንድሟን ተከትላ እስከ ውጭው በር ድረስ ሄደች። ዳቦ ጋጋሪው ቀደም ብሎ መንገዱን ተሻግሯል።

"ለምንድነው የምትዋሸው?" አለችው።

"ማንን?"

"ባሌን ነዋ። ኳሱ ከሰውዬው እጅ በላይ ሲያልፍ እኔ እንኳ አይቻለሁ።"

መካኒኩ ወደ ሳሎኑ መስኮት አየና ድምፁን ቀነሰ። "እትዬ፣ ሐኪሟ አታናድዱት ብላለች። ቆሜ ሰምቻለሁ።"

"እኔም ሰምቻለሁ። አታናድዱት አለች እንጂ እንደ ሕፃን አባብሉት አላለችም።"

መካኒኩ ቀጥሎ የነገራትን ነገር ሲነግራት ዓይኗን አላያትም። ከዚያች ሰኞ በፊት በነበረው እሁድ ስታዲየም ውስጥ እንደዚያ ቀን ተከራክረው አያውቁም። አውቶቡስ ላይ ደግሞ ባሰበት። በመጨረሻ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አንተ በረኛ የነበርክ ጊዜ እኮ መረቡ በየሳምንቱ ይቀደድ ነበር ይባላል ብሎ ተናገረው። አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ። የአግዳሚ ፊት ተለዋወጠ፣ የግንባሩ ሥር ተገተረ፤ ከሚወርዱበት ፌርማታ በፊት ብቻውን ወርዶ ሄደ። በማግስቱ ወደቀ ተብሎ ጋራዥ ድረስ ተደወለ።

"እዚህ ያደረስኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ" አለ። "ሁለተኛ አልጨርሰውም።"

እህቱ በሩን ይዛ ቆየች። ልትቆጣው ነበር የመጣችው፤ አሁን ቁጣው ከየት እንደሚነሳ ጠፋት። ከዚያ የምታውቀውን ነገረችው። አግዳሚ ደም ግፊት እንዳለበት ከተነገረው ቆይቷል። የመጀመሪያውን መድኃኒት ጨርሶ ሁለተኛ ሳይገዛ ቀረ፤ ስትጨቀጭቀው ምንም አላመመኝም ይላት ነበር። ያን እሁድ ማታ ደግሞ እየሳቀ ነው የገባው። ቀድሞ የወረደው በእግሩ እየሄደ መልስ ሊፈልግለት ነው።

"ወንድምሽ ዛሬ ጥሩ ነገር ወረወረብኝ፣ እስከ እሁድ መልሱን ሠርቼ እጠብቀዋለሁ ብሎኝ ነው የተኛው" አለችው። "ምናልባት መልሱ አሁንም ሆዱ ውስጥ አለ። አንተ ግን ክርክሩን ዘጋህበት።"

መካኒኩ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገ። "ቢሞትብኝስ?"

"ሐኪሟን እጠይቅልሃለሁ።"

የሕክምና ቀጠሮው በዚያው ሳምንት ነበር። ሐኪሟ ግፊቱን ለካች፣ ልቡን አዳመጠች፣ እግሩን አይታ ጥሩ ነው አለች። ሚስቱ ሁሉም እስኪያልቅ ጠብቃ፣ "ዶክተር፣ ባለቤቴ መከራከር ይችላል?" ብላ ጠየቀች። ሐኪሟ አንድ ቃል ብቻ የሚናገረውን ሰውዬ አየችው፣ ቀጥላም ሴትየዋን።

"በምን ጉዳይ ነው የሚከራከሩት?"

"በበረኛ።"

ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አድርጋ አስረዳቻቸው። አታናድዱት ያለችው የቤት ውስጥ ጠብን፣ ድንጋጤን፣ የሚያስጨንቅ ወሬን ነው። መድኃኒቱን እስከዋጠ ድረስ የሚወደው ጨዋታ አይጎዳውም፤ እንዲያውም ለአንደበቱ ሊበጅ ይችላል፣ ሰው አንድን ነገር አጥብቆ ሊናገር ሲፈልግ የጠፋው ቃል የሚመጣበት ጊዜ አለና። ደጋፊነታቸው ለየትኛው ቡድን እንደሆነም ጠየቀች። ስሙን ስትሰማ ማዘዣውን እየጻፈች፣ "አይዟችሁ" ብቻ አለች።

መካኒኩ ፈቃዱ ከተነገረው በኋላም ቶሎ አልደፈረም። በቀጣዩ እሁድ የውሃ ሙቀት በጣቱ እንደሚለካ ሰው፣ ሎንጋው ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ይቸኩላል መሰለኝ አለ። አግዳሚ ዓይኑን ወደ ጣራው ሰቀለ። የተቀባባ ክርክር ከአድናቆቱም የባሰ ነበር። ሚስቱ በዓይኗ ወንድሟን ጎሸመችው፤ እሱም በዓይኑ ምን ላድርግ አላት።

ከዚያ በሚቀጥለው እሁድ ግን አምበሉ ጉልበቱ ድኖ ወደ ጎሉ ተመለሰ። ቡድናቸው አንድ ለባዶ እየመራ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ተጋጣሚው ኮርና መታ። ኳሱ ከጎሉ ፊት ለፊት ወረደ፤ ተጋጣሚው አጥቂ በግንባሩ ወደ መሬት ገጨው፤ አምበሉ ከመስመሩ ላይ፣ ኳሱ አልፏል ሲባል፣ በአንድ እጁ ጠርጎ አወጣው። ዳኛው ወዲያው ጨዋታውን አበቃ።

መካኒኩ ሳያውቀው ተነስቶ ቆሟል። "ይኸውልህ" አለ፤ ድምፁም የጋራዡ ድምፅ ነበር። "ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ እሁድ የነገርኩህ ውሸት ነው። ፀሐይ አልነበረችም። ተከላካዩም አላጠፋም። ሎንጋው በረኛ አይደለም፣ በረኛ ይሄ ነው።"

ከዚያ በኋላ የሚያቆመው ጠፋ። የዋሸውን እያንዳንዱን ነገር አንድ በአንድ እያነሳ መልሶ ወሰደ። ያ ማንም አያድነውም ብሎ የማለበት ቅጣት ምት አያቱ በመቀነቷ የምትይዘው ኳስ እንደነበር፣ የቅርቡ ቋሚ ላይ የቆመው ሰውም ከቆመ ወዲህ የመለሰው ኳስ እንደሌለና ቆሞ ከማየት በቀር ሥራ እንዳልነበረው፣ ሎንጋው ወደ ኮርና ሲወጣ እሱ ራሱ በልቡ እየተሳደበ በአፉ ያወድስ እንደነበር ሁሉንም ዘረገፈው። የአግዳሚ ሚስት እግር የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ ቆመ። ዳቦ ጋጋሪው የቆረሰውን ዳቦ እንደያዘ ቀረ።

አግዳሚ ፊቱ ቀልቶ ከአልጋው ተነሳ። እግሩን እየጎተተ ወደ ስፌት ጠረጴዛው ሄደ፤ ሚስቱ ልትደግፈው ብትነሳ በክርኑ ገፋት። በግራ እጁ የቁልፍ ቆርቆሮዋን ይዞ የሸሚዝና የኮት ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፋቸው። ሁለት የክር ማጠንጠኛ አራርቆ አቆመ፤ እነዚያ ቋሚዎቹ ናቸው። ጥቁር ቁልፎች ተከላካይ ሆኑ፣ ነጭ ቁልፎች አጥቂ፣ አንድ ትልቅ የካፖርት ቁልፍ ደግሞ በረኛ። ኮርናው ሲመታ ማን የት እንደቆመ አንድም ሳይሳሳት ደረደራቸው። መካኒኩና ዳቦ ጋጋሪው ግራና ቀኙን መጥተው ቆሙ።

ኳሷ ትንሽ የሸሚዝ ቁልፍ ነበረች። አግዳሚ የወደቀችበት ቦታ አስቀመጣት፤ አምስት ከሃምሳው ውስጥ ነች፣ ከጎሉ በጣም ቅርብ። ከዚያ የካፖርቱን ቁልፍ በአውራ ጣቱ ከመስመሩ ገፍቶ ኳሷ ላይ አደረሰው። በረኛው ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ያንን ሁሉ ተአምር መሥራት ባላስፈለገውም ነበር ማለቱ ነው። መካኒኩ ቁልፉን ጎትቶ ወደ መስመሩ መለሰው። መንገዱ ላይ ስንት ሰው እንዳለ አታይም ወይ፣ በማን በኩል ነው የሚወጣው አለ። አግዳሚ መልሶ ገፋው። መካኒኩ መልሶ ጎተተው። አግዳሚ የመካኒኩን እጅ በመዳፉ ቸብ አደረገና አፉን ከፈተ። እንግዲህ ሊል ነው ብለው ጠበቁ። አንገቱ ተገተረ፣ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ።

"ው…" አለ። ትንፋሹን ሰበሰበ። "ውጣ።"

አግዳሚ እጁን ወደ ፊት እየጠቆመ ደገመው። "ውጣ።"

የጠቆመበት አቅጣጫ ላይ ደግሞ የቤቱ በር ነበር። መካኒኩ ከጠረጴዛው ራቀ፤ ወንበሩ ላይ ያለውን ጃኬት አንስቶ መልበስ ጀመረ። "እሺ ጋሼ" አለ ቀስ ብሎ። "እሺ፣ እወጣለሁ።" እህቱ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ባሏ ከታመመ ወዲህ የተናገረው የመጀመሪያው አዲስ ቃል ነው፤ ያም ቃል ወንድሟን ከቤቷ ያስወጣበት ቃል ሆነ። ልትደሰት ወይስ ልታፍር አላወቀችም።

ዳቦ ጋጋሪው ግን ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ቁልፎቹን ሲያይ ቆይቷል። "ቁጭ በል አንተ" አለው መካኒኩን። "አንተን አይደለም። በረኛውን ነው ውጣ ያለው።"

አግዳሚ በግራ መዳፉ ጠረጴዛውን መታ፤ ቁልፎቹ ዘለሉ። ሳቀ። ከአንድ በኩል ብቻ የሚነሳ፣ አዲስ ፊት ላይ ያለ አሮጌ ሳቅ ነበር። መካኒኩ አንድ እጅጌ ለብሶ አንዱን ሳይለብስ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ፤ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ ለራሱም አልለየለት። የካፖርቱን ቁልፍ አንስቶ መስመሩ ላይ መልሶ አስቀመጠው።

"አይወጣም" አለ።

"ውጣ" አለ አግዳሚ።

"አይወጣም አልኩህ፣ ጋሼ።"

ሚስቱ ወደ ኩሽና ገባች። ቧንቧውን ከፈተችና ምንም ሳታጥብበት ውሃው ሲወርድ እያየች፣ ከወዲያ በኩል ሁለቱ የሚጯጯሁትን እየሰማች ቆየች። ሾርባው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው የጠራቻቸው።

ከዚያ ወዲህ ቃላቱ በጥቂት በጥቂቱ መጡለት። የመጡበት ቅደም ተከተል ንግግር የምታለማምደውን ባለሙያ አስገረማት። ከውሃና ከዳቦ በፊት ያዝ፣ ግራ፣ ሰው፣ ልቀቅ የሚሉት ቀደሙ። አንድ ቀን ጨው እንድታቀብለው ፈልጎ ሚስቱን አሻሚ አላት፤ እሷም አሻማችለት። የሁሉም ነገር መጨረሻ ግን አላማረም። ቀኝ እጁ ካቻቢቴ የሚይዝ እጅ ሆኖ አልተመለሰም። መሣሪያዎቹን አብሮት ይሠራ ለነበረው ሰው የሰጠ ቀንና ከዚያም በኋላ ለብዙ ቀን ከማንም ጋር ማውራት አልፈለገም፤ መካኒኩም ቢሆን በዚያ ሰሞን ስለ በረኛ አላነሳበትም፤ መጥቶ አጠገቡ ተቀምጦ ይሄዳል። ቆይቶ አግዳሚ በግራ እጁ ካውያ መያዝ ተማረ። አሁን ሚስቱ የሰፋችውን የሚተኩሰው እሱ ነው፤ የሱሪ መስመር ላይ እንከን አይወጣለትም፤ ደንበኞቹም ይህን ያውቃሉ።

የውድድር ዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ዕለት ስታዲየም ወሰዱት። የድሮው ቦታቸው ላይ መውጣት ስለማይችል ታች፣ ከሜዳው አጠገብ፣ ተቀመጡ። ሚስቱ በቀኝ ክንዱ ልትደግፈው አብራ ሄደች። ከዚህ ላይ ጨዋታው እንደ ቴሌቪዥኑ አይታይም፣ ኮርናም ሲሻማ ኳሱ የት እንደሚወርድ አይለይም ብለው ሦስቱም አጉረመረሙ። እሷ ግን አንድ ነገር አይታለች። የግራ ተከላካዩ በተጨነቀ ቁጥር ኳሱን ወደ ኋላ እየመታ ለኮርና ያስወጣዋል። እረፍት ላይ ይህን አነሳችና፣ እሱ ያን ባያደርግ የበረኛው ነገር ይህን ያህል ያጨቃጭቃችሁ ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። አግዳሚና መካኒኩ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ላይ ሆነው ተቃወሟት። ዳቦ ጋጋሪው ሦስታችሁም ልክ ናችሁ አለ።

ቡድኑ በሠንጠረዡ መሀል ጨረሰ። አምበሉ በዚያው ጫማውን ሰቀለና የበረኞች አሰልጣኝ ሆነ፤ የመጀመሪያ ተሰላፊነቱ ለሎንጋው ቀረ። ሎንጋው በአዲሱ ዓመት ተሻሽሎ መጣ፤ ይወጣል፣ ሲወጣም ይይዛል። ይህን ሁለቱም አምነዋል። ያልተስማሙበት የተሻሻለው ለምን እንደሆነ ነው። አግዳሚ ከመጀመሪያውም ችሎታው ነበረው፣ ጊዜ ሰጡት እንጂ ይላል። መካኒኩ አምበሉ ቀጥቅጦ አስተምሮት ነው፣ ስለዚህ ያሸነፈው የኔ ሰው ነው ይላል። በየእሁዱ ይህንኑ ይከራከራሉ። አግዳሚ አሁንም መሀል ላይ ቃል ይጠፋዋል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈልገዋል። እስኪያገኘው ድረስ መካኒኩ አይቸኩልም፣ አያቀብለውምም። ሲያገኘው ግን አይምረውም።